አንድ ግቢ፣ ሁለት ሙከራ፦ ሳን ሆዜ ስቴት ዩኒቨርሲቲና ቅይጥ ትምህርት

ስለ ትምህርት ቴክኖሎጂ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚደርሰን ግማሹ ታሪክ ነው። የተሳካው በየስብሰባው ይነገራል፤ ያልተሳካው ይድበሰበሳል። ካሊፎርኒያ የሚገኘውን ሳን ሆዜ ስቴት ዩኒቨርሲቲን ለዚህ ጽሑፍ የመረጥኩት ሁለቱንም ግማሽ ስላለው ነው። በአንድ ግቢና በአንድ አመራር ሥር፣ በወራት ልዩነት፣ ሁለት ሙከራ ተደረገ። ሁለቱም ቪዲዮ ነበራቸው። ሁለቱም በኦንላይን ትምህርት የታወቀ አጋር ነበራቸው። አንዱ የሚያልፉትን ተማሪዎች ቁጥር ወደ ላይ አወጣው፤ ሌላው በግማሽ ዓመት ገደማ ቆመ። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ብዙዎቻችን ቅይጥ ትምህርት (ከፊሉ በኦንላይን፣ ከፊሉ በክፍል የሚሰጥ ትምህርት) ሲባል ቶሎ የሚመጣልን ቪዲዮው ነው። ማን ይቅረጸው? በምን ካሜራ? ስንት ደቂቃ ይሁን? የሳን ሆዜን ጉዳይ አገላብጬ ሳየው ግን ቪዲዮው ከሁሉም ቀላሉ ክፍል ሆኖ አገኘሁት። ከባዱ፣ ሌክቸሩ ከክፍል ከወጣ በኋላ ባዶ የቀረውን ሰዓት ምን እናድርግበት የሚለው ነው።

ችግሩ

ሳን ሆዜ ስቴት በ1857 የተመሠረተ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው። 23 ግቢዎች በነበሩት የካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሥርዓት ውስጥ የታቀፈ ነው። የሚገኘው ሲልከን ቫሊ መሃል ነው፤ ስለዚህ ስለ ቴክኖሎጂ ለማውራት ሩቅ መሄድ አይጠበቅበትም። ይሁን እንጂ ተማሪዎቹ እንደ ጎረቤቶቹ ኩባንያዎች ቅንጡ አይደሉም። ብዙዎቹ እየሠሩ የሚማሩ ናቸው።

በኢንጂነሪንግ ፋኩልቲው አንድ አስቸጋሪ ኮርስ ነበር። የኤሌክትሪክ ሰርኪዩት ትንተና መግቢያ ይባላል፤ ኮዱ ኢኢ 98። እንዲህ ዓይነት ኮርስ በየትኛውም የኢንጂነሪንግ ትምህርት ቤት አለ። እሱን ሳያልፉ ወደ ቀጣዩ መሄድ የለም። ሳን ሆዜ ላይ በተለመደው አሠራር ከተማሪዎቹ ወደ 40 በመቶ የሚሆኑት የሚፈለገውን ውጤት አያመጡም ነበር።

40 በመቶ ምን ማለት እንደሆነ ያስተማረ ሰው ያውቀዋል። የወደቀው በሚቀጥለው ሴሚስተር ተመልሶ ይመዘገባል። ለአዲሶቹ የሚሆነውን ወንበር ይይዛል። ሌሎች ኮርሶቹ ይጓተታሉ። አንዳንዱ ሁለተኛ ጊዜ ሲወድቅ ትምህርት ክፍሉን ይቀይራል፤ አንዳንዱ ጭራሽ ይተወዋል። የሚያበሳጨው ደግሞ አብዛኛው የሚወድቀው ትምህርቱ ከአቅሙ በላይ ሆኖ አለመሆኑ ነው። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ሲፈታ ይገባዋል። ማታ ለብቻው ሲሞክር ይጠፋበታል። የሚጠይቀው ሰው በሌለበት ሰዓት ነው ችግሩ የሚመጣው።

የመጀመሪያው ሙከራ፦ የኤምአይቲ ቪዲዮ፣ የሳን ሆዜ ክፍል

በ2012 ግንቦት ላይ ኤምአይቲና ሃርቫርድ እያንዳንዳቸው 30 ሚሊዮን ዶላር መድበው ኤዴክስ የሚባለውን የኦንላይን ትምህርት ድርጅት አቋቋሙ። የመጀመሪያው ኮርስ ከዚያ በፊት ተጀምሮ ነበር። የሰርኪዩትና ኤሌክትሮኒክስ ኮርስ ነው፤ ዋናው መምህር አናንት አጋርዋል ናቸው። ወደ 155,000 ሰው ተመዘገበበት። ጨርሶ ሰርተፍኬት ያገኘው 7,157 ነው። ይቺን ቁጥር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

የሳን ሆዜው ፕሬዝዳንት መሐመድ ቃዩሚ ይህን ኮርስ ወደ ግቢያቸው ለማምጣት ከኤዴክስ ጋር ተስማሙ። ነገር ግን ተማሪውን «ግባና ተማር» ብለው አልለቀቁትም። በ2012 መኸር ሴሚስተር ከኢኢ 98 ሴክሽኖች አንዱ ብቻ ተመረጠ። መምህሩ ኮስሮ ጋዲሪ ነበሩ። ሴክሽኑ ውስጥ ወደ 85 ተማሪ ነበር። ሌሎቹ ሴክሽኖች በድሮው መንገድ ቀጠሉ።

አሠራሩ ፍሊፕድ ክላስ የሚባለው ዓይነት ነው። ሌክቸሩ ወደ ቤት፣ የቤት ሥራው ወደ ክፍል። ሐሳቡ የሳን ሆዜ ፈጠራ አይደለም። ኮሎራዶ ውስጥ ጆናታን በርግማንና አሮን ሳምስ የሚባሉ ሁለት የኬሚስትሪ መምህራን በ2007 ገደማ ከክፍል ለሚቀሩ ተማሪዎች ብለው ሌክቸር መቅረጽ ጀምረው ነበር። ቪዲዮው ካለ ክፍል ውስጥ ደግሞ መድገሙ ለምን እንደሚያስፈልግ የጠየቁት በኋላ ነው። ሳን ሆዜን ለየት የሚያደርገው ቪዲዮው የሌላ ዩኒቨርሲቲ መሆኑና ጎን ለጎን የሚነጻጸሩ ሴክሽኖች መኖራቸው ነው።

ተማሪው ቤቱ ሆኖ የሚያየው የአንድ ሰዓት ንግግር አልነበረም። የኤዴክሱ ኮርስ አጫጭር ቪዲዮዎች ነው ያሉት። እጅ ታብሌት ላይ ሲጽፍ ይታያል፤ ድምፅ ያስረዳል። ከዚያ ወዲያው አንድ ጥያቄ ይመጣል። ተማሪው ቁጥር ያስገባል። ከተሳካለት አረንጓዴ የራይት ምልክት ይወጣለታል። ካልተሳካለት ተመልሶ ይሞክራል። አጋርዋል ራሳቸው ተማሪዎች ይቺን አረንጓዴ ምልክት እንዴት እንደሚወዷት በየመድረኩ ተናግረዋል። ቀላል ነገር ትመስላለች። ነገር ግን የቤት ሥራ አስረክቦ ሳምንት ከመጠበቅና መልሱን እዚያው ከማወቅ መሃል ትልቅ ልዩነት አለ። ሳምንት ቆይቶ የሚመለስ ወረቀት ላይ ተማሪው የሚያየው ነጥቡን ብቻ ነው። ምን አስቦ እንደነበር ረስቶታል።

ተማሪው ቪዲዮውን አይቶ ሲጨርስ ምን እንዳስቸገረው ለመምህሩ ይጽፋል። መምህሩ ክፍል ከመግባታቸው በፊት ያነቡታል። በእኔ ግምት የሙከራው ሁሉ ቁልፍ ይሄ ነው። መምህሩ ክፍል ሲገቡ የት ቦታ ላይ ብዙ ሰው እንደተደናቀፈ ያውቃሉ። «ያልገባችሁ አለ?» ብለው መጠየቅና ዝምታ መስማት የለም። ያንን ዝምታ ያላየ መምህር የለም።

አንድ ክፍለ ጊዜ በቅርበት

ክፍለ ጊዜው የሚጀምረው ተማሪዎቹ አስቀድመው በጻፉት ላይ በሚሰጥ አጭር ማብራሪያ ነው። ከዚያ ተማሪው በትንንሽ ግሩፕ ሆኖ ጥያቄ ይሠራል፤ መምህሩ በመሃል ይዘዋወራሉ። በመጨረሻ ኩዊዝ አለ፤ መጀመሪያ በግሩፕ፣ ከዚያ እያንዳንዱ ለብቻው።

ይህ ወረቀት ላይ ሲነበብ ደረቅ ነው። ውስጡ ምን እንደሚካሄድ ለማየት የዚህን ኮርስ አንድ የተለመደ ጥያቄ እንውሰድ። ሦስት ሽቦዎች አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ። በአንዱ 2 አምፒር ከረንት ወደ ነጥቡ ይገባል። በሌላው 5 አምፒር ይወጣል። በሦስተኛው ስንት ነው? ወዴትስ ይሄዳል? ሕጉ የኪርኾፍ ነው፤ ከ1845 ጀምሮ አለ። ወደ ነጥቡ የገባው ከወጣው ጋር እኩል መሆን አለበት።

ቪዲዮው ላይ ይሄ ሲታይ ውሃ ነው። ከረንቱ ወዴት እንደሚሄድ የሚያሳዩት ቀስቶች በሙሉ ተስለው ይመጣሉ። ተማሪው ቁጥሩን ያስገባል፤ አረንጓዴዋ ትወጣለች፤ ይቀጥላል። ክፍል ውስጥ ግን ሦስተኛው ሽቦ ላይ ቀስት የለም። አንዱ ልጅ «ይገባል» ብሎ ይስላል፤ 3 ያገኛል። ጎኑ ያለችው «ይወጣል» ብላ ስላለች፤ ኔጌቲቭ 3 አገኘች። አሁን ክርክር ተጀመረ። አንደኛው «ከረንት እንዴት ኔጌቲቭ ይሆናል?» ይላል። ሦስተኛው ልጅ እስካሁን ዝም ብሎ ነበር፤ አሁን ግን እንዲፈርድ ተጠየቀ። ስለዚህ ማሰብ አለበት።

እውነቱ ሁለቱም ልክ ናቸው። ቀስቱን ወደ ፈለጉበት ማድረግ ይቻላል። የኔጌቲቭ ምልክቱ የሚለው «ቀስቱን በተቃራኒ ስለሃል» ነው፤ ከዚያ ያለፈ ነገር የለውም። መምህሩ ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር መናገር ይችሉ ነበር። ቪዲዮውም ተናግሮታል። ነገር ግን ተማሪው ጥያቄው ሳይኖረው የሰማው መልስ አይያዝለትም። ተከራክሮ፣ ተበሳጭቶ፣ ከዚያ ሲሰማው ግን ይገባዋል። ደግሞ ይቺ የምልክት ነገር ቀልድ አይደለችም። ሰርኪዩቱ አድጎ አራትና አምስት ነጥብ ሲኖረው አንድ የተሳሳተ ምልክት ገጽ ሙሉ ሥራ ያበላሻል። የሰርኪዩት ፈተና ያረመ ሰው ስንት ወረቀት በእሷ ምክንያት እንደሚበላሽ ያውቃል።

የኩዊዙም ቅደም ተከተል ታስቦበት ነው። ግሩፕ ብቻ ቢሆን አንዱ ይሠራል፣ ሌሎቹ ይገለብጣሉ። ግሩፕ ሥራ ሲባል ተማሪዎች ፊታቸውን የሚያጨፈግጉት ለዚህ ነው። ለብቻ ብቻ ቢሆን ደግሞ መወያየቱ ጥቅም ያጣል። ሁለቱ ተከታትለው ሲመጡ ግን ጓደኛህ ሲያስረዳህ በጥሞና ትሰማለህ፤ ከደቂቃዎች በኋላ ብቻህን ልትጠየቅ ነውና።

ውጤቱና ውጤቱን ማንበብ

ሴሚስተሩ ሲያልቅ በጋዲሪ ሴክሽን 91 በመቶው አለፉ። በተለመደው መንገድ ከተማሩት ሁለት ሴክሽኖች በአንዱ 59፣ በሌላው 55 በመቶ አለፉ።

ዜናው ቶሎ ተሰራጨ። ሚያዝያ 2013 ላይ ዩኒቨርሲቲውና ኤዴክስ አሠራሩን እስከ 11 ለሚደርሱ ሌሎች የካሊፎርኒያ ስቴት ግቢዎች እናዳርሳለን አሉ።

እዚህ ላይ ትንሽ ረጋ እንበል። ይህ ተማሪዎች በዕጣ የተመደቡበት ጥናት አልነበረም። አንድ ሴሚስተር ነው፤ አንድ ሴክሽን ነው። አዲስ ነገር ሲሞከር መምህሩም ተማሪውም ከወትሮው ይተጋል። ከሁሉም በላይ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ነው የተቀየረው። ቪዲዮው አዲስ ነው። ግሩፑ አዲስ ነው። ኩዊዙ በዝቷል። ተማሪው ከክፍል በፊት የሚያጠፋው ሰዓትም ጨምሯል። ታዲያ የትኛው ነው ያሳለፋቸው?

የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር በ2010 ባወጣው የበርካታ ጥናቶች ግምገማ ላይም ተመሳሳይ ጥያቄ ተነስቶ ነበር። ቅይጥ ትምህርት በገጽ ለገጽ ብቻ ከሚሰጠው የተሻለ ውጤት ነበረው። አጥኚዎቹ ግን ወዲያው ማስጠንቀቂያ ጨመሩ። ቅይጥ በሆነበት ቦታ ተማሪው ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ሰዓትና ተጨማሪ ማቴሪያል ያገኛል። ስለዚህ ብልጫው የኢንተርኔቱ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም።

ያቺን 7,157 አሁን አምጧት። የኤዴክሱ ኮርስ በኢንተርኔት ለሁሉም ክፍት ሆኖ ሲሰጥ ከተመዘገቡት 100 ሰዎች የጨረሱት አምስት አይሞሉም። ሳን ሆዜ ላይ፣ በዚያው ኮርስ ቪዲዮ፣ ከ100 ያለፉት 91 ናቸው። ንጽጽሩ ፍትሐዊ አይደለም፤ አውቃለሁ። በነፃ ከተመዘገበው ውስጥ ብዙው ለማየት ያህል የገባ ነው። የሳን ሆዜው ተማሪ ዲግሪው ነው የተያዘው። ሆኖም አንድ ነገር ይታያል። ቪዲዮው ያው ነው። ፈተና፣ ግሩፕ፣ ስምህን የሚያውቅ መምህር፣ በሳምንት የሚጠብቅህ ክፍለ ጊዜ፤ እነዚህ ናቸው የተጨመሩት።

ሁለተኛው ሙከራ፦ ክፍል የሌለበት

የሰርኪዩቱ ውጤት ገና ትኩስ እያለ ጥር 15 ቀን 2013 ሌላ መግለጫ ተሰጠ። በዚህኛው ላይ የካሊፎርኒያ ገዢ ጄሪ ብራውን ተገኝተው ነበር። ጎናቸው ዩዳሲቲ የሚባለው የኦንላይን ትምህርት ኩባንያ መሥራች ሰባስቲያን ትረን ነበሩ። ፕሮግራሙ በዩኒቨርሲቲው ስም ምህጻረ ቃል «ኤስጄኤስዩ ፕላስ» ተባለ። ሦስት ኮርስ፣ ሙሉ በሙሉ ኦንላይን፣ ለእያንዳንዱ 150 ዶላር፣ ለእያንዳንዱ 100 ተማሪ። ኮርሶቹ ሬሚዲያል ሒሳብ (ለኮሌጅ ሒሳብ ገና ላልደረሱ ተማሪዎች የሚሰጥ ማካካሻ)፣ የኮሌጅ አልጀብራና መሠረታዊ ስታቲስቲክስ ናቸው።

ዓላማው የሚያስነቅፍ አልነበረም። ሬሚዲያል ሒሳብ ብዙ ተማሪ የሚቀርበት ቦታ ነው። ርካሽና የትም ሆኖ የሚወሰድ ኮርስ ቢኖር ማን ይጠላል? ይዘቱን ያዘጋጁት ደግሞ የሳን ሆዜ መምህራን ራሳቸው ከዩዳሲቲ ጋር ሆነው ነው።

የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት ሲወጣ ግን ሁሉም ደነገጠ። ሬሚዲያል ሒሳብን ያለፉት 23.8 በመቶ ናቸው። ግቢ ውስጥ በአካል የሚማሩት የሚያልፉት 45.5 በመቶ ነበር። በአልጀብራ 25.4 ከ64.7 ጋር። በስታቲስቲክስ 50.5 ከ76.3 ጋር። ሐምሌ 2013 ላይ ዩኒቨርሲቲው ለቀጣዩ የመኸር ሴሚስተር ፕሮግራሙን አቆመው። ትረንም ያንኑ ዓመት ኅዳር ላይ ምርታችን የረባ አይደለም የሚል ይዘት ያለው ቃል ለመጽሔት ሰጡ። የኩባንያ መሪ እንዲህ በግልጽ ሲናገር ብዙ አይሰማም።

ለምን?

መጀመሪያ ተማሪዎቹን እንያቸው። የኢኢ 98 ተማሪ ካልኩለስና ፊዚክስ ነክቶ የመጣ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ነው። በሁለተኛው ሙከራ ሬሚዲያል ሒሳብ ላይ የተመዘገቡት የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ግን ያንኑ ኮርስ ከዚህ በፊት ወድቀው የመጡ ናቸው። ከእነሱ ሌላ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም ነበሩበት። ይህ ማለት በሒሳብ ከሁሉም በላይ እርዳታ የሚያስፈልገው ተማሪ፣ ከሁሉም በላይ ብቻውን የሚኬድበት መንገድ ተሰጠው ማለት ነው። እንዲህ ተጽፎ ሲነበብ ነገሩ ግልጽ ይመስላል። ያኔ ግን 91 በመቶ የሚለው ዜና ሁሉንም አሙቆት ነበር።

ሁለተኛው ጥድፊያ ነው። መግለጫው ጥር አጋማሽ ላይ ነው የተሰጠው። ኮርሱ በዚያው ወር መጨረሻ ጀመረ። መምህራኑ ከፊት ከፊት እያዘጋጁ ተማሪው ከኋላ እየተከተለ ነው የሄዱት።

ሦስተኛው ለእኔ በጣም ያሳዘነኝ ነው። የመስመር ላይ እርዳታ ነበረ። የሚጠየቅ ሰው ነበረ። ነገር ግን በኋላ ፕሮግራሙን የገመገሙት አጥኚዎች ሲጠይቁ ብዙ ተማሪዎች መኖሩን አላወቁም ነበር። አስቡት። ልጁ ቤቱ ተቀምጦ አልጀብራ ጠፍቶበታል። የሚረዳው ሰው ስክሪኑ ላይ አንድ ቦታ አለ። ልጁ አያውቅም። ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቹ መሃል ደግሞ ቤታቸው ኮምፒውተር የሌላቸው እንዳሉ የታወቀው ኮርሱ ከተጀመረ በኋላ ነው።

ክፍል ውስጥ ይሄ ሁሉ በአንድ ዕይታ ይታወቃል። እስክሪብቶ ያላነሳ ልጅ ይታያል። ስክሪን ላይ ግን ያልገባው ተማሪና የገባው ተማሪ አንድ ናቸው። ሁለቱም ቪዲዮውን ከፍተዋል።

የግምገማው ዋና ግኝት ደግሞ ይህ ነው። ማን እንደሚያልፍ ከሁሉም በተሻለ የሚናገረው የተማሪው ዕድሜ፣ ፆታ ወይም የመጣበት ትምህርት ቤት አልነበረም። ተማሪው የሠራው ሥራ መጠን ነው፤ በተለይ ሠርቶ ያስገባው የጥያቄ ብዛት። አዲስ ነገር አይደለም፤ እናቶቻችንም ይሉት ነበር። ለቅይጥ ትምህርት ግን ትልቅ ትርጉም አለው። ጥያቄው «ቪዲዮው ጥሩ ነው ወይ?» ሳይሆን «ተማሪው ዛሬ ሥራውን እንዲሠራ የሚያስገድደው ምንድን ነው?» ይሆናል። በኢኢ 98 የሚያስገድደው ነገር ግልጽ ነበር። ነገ ግሩፑ ይጠብቀዋል። ኩዊዝ አለ። በሁለተኛው ሙከራ ግን ከኢሜይል ማስታወሻ በቀር የሚጠብቀው አልነበረም ማለት ይቻላል።

አንድ ነገር ግን ለፍትሕ ሲባል መነገር አለበት። 83 በመቶ የሚሆኑት ተማሪዎች ኮርሱን እስከ መጨረሻው ዘልቀውታል። በነፃ የኦንላይን ኮርሶች ላይ እንዲህ ያለ ቁጥር አይሰማም። ተማሪዎቹ ሰነፍ ነበሩ የሚለውን መልስ ይህ ቁጥር ያፈርሰዋል። እስከ መጨረሻው ነበሩ፤ ሆኖም አላለፉም።

ክረምቱ ያመጣው ግራ መጋባት

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ለመተረክ ይቀል ነበር። ግን በ2013 ክረምት ኮርሶቹ ተሻሽለው፣ አምስት ሆነው፣ እንደገና ተሰጡ። ስታቲስቲክስ 83 በመቶ ደረሰ። አልጀብራ 72.6። ሁለቱም ግቢ ውስጥ በአካል ከሚማሩት በለጡ።

«ተሻሻለ!» ከማለት በፊት ግን የተማሪውን ዝርዝር ማየት ያስፈልጋል። በክረምቱ ከተመዘገቡት 53 በመቶው ከዚህ በፊት ዲግሪ ያላቸው ናቸው። ዲግሪ ያለው ሰው ብቻውን መማር ያውቃል። መቼ ማቆም፣ መቼ መድገም፣ ማንን መጠየቅ እንዳለበት ተለማምዷል። ሬሚዲያል ሒሳብ ግን በዚያ ክረምትም 29.8 በመቶ ላይ ነበር። ተማሪው ሲቀየር የስታቲስቲክሱ ቁጥር ዘለለ፤ የሬሚዲያሉ ግን እምብዛም ከቦታው አልተነቃነቀም። በእኔ አስተያየት በዚህ ጉዳይ ውስጥ ካሉት ቁጥሮች ሁሉ ብዙ የሚናገረው ይሄ ነው፤ ከ91 በመቶውም ይልቅ።

የፍልስፍና መምህራኑ እምቢታ

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ጊዜ ከዚህ ታሪክ ተቆርጦ ይቀራል። ያው ዩኒቨርሲቲ የፍልስፍና ትምህርት ክፍሉን የሃርቫርዱን የማይክል ሳንደልን የፍትሕ ኮርስ በኤዴክስ በኩል እንዲጠቀም ጠይቆ ነበር። መምህራኑ እምቢ አሉ። ሚያዝያ 29 ቀን 2013 ለሳንደል ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ። ፍርሃታቸው ሀብታም ዩኒቨርሲቲዎች እውነተኛ መምህር፣ ድሃዎቹ ደግሞ በቪዲዮ የተቀረጸ መምህር የሚኖራቸው ሁለት ዓይነት ትምህርት እንዳይፈጠር ነበር። ሳንደልም ቪዲዮዎቻቸው ሌሎች መምህራንን ለመጉዳት እንዲውሉ እንደማይፈልጉ መለሱ።

አንዳንዱ ይህን የእንጀራ ፍርሃት ነው ብሎ አልፎታል። እኔ ግን ነጥብ ያላቸው ይመስለኛል። የሰርኪዩት ጥያቄ መልስ አለው፤ አረንጓዴ ምልክት ይሠራለታል። «ፍትሕ ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ አረንጓዴ ምልክት የለም። በዚያ ላይ ጋዲሪ ቪዲዮውን ሲወስዱ በክፍላቸው ውስጥ የእሳቸው ሥራ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። የፍልስፍና መምህራኑ የፈሩት መቀነሱን ነበር። አስተዳደሩ ሁለቱን ለይቶ ቢያስረዳ ኖሮ ንግግሩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ለሚያስተምር ሰው

ከዚህ ሁሉ በኋላ መምህራን የሚጠይቁት አንድ ነው። «ሳያዩ ቢመጡስ?» እውነት ነው፤ ይመጣሉ። በየትኛውም ክፍል ቪዲዮውን ሳያይ የሚመጣ አለ። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚያደርጉት ነገር አለ፤ አዝነው ሌክቸሩን በአጭሩ ይደግሙታል። በሚቀጥለው ሳምንት ማንም አያይም። ለምን ያያል? ያየውም ጊዜውን እንዳባከነ ይሰማዋል።

በኢኢ 98 አሠራር ውስጥ ለዚህ የሚሆን መልስ አለ፤ መልሱም የቴክኖሎጂ አይደለም። መነሻ የሚሆነው ተማሪው የጻፈው ጥያቄ ነው፤ ስለዚህ ሳያይ የመጣ የሚጽፈው የለውም። ግሩፕ ውስጥ ሲገባ ጓደኞቹ ያውቁበታል። ኩዊዙ ላይ ብቻውን ይቀራል። መምህሩ መቆጣት አያስፈልጋቸውም። ክፍለ ጊዜው ራሱ ይናገራል።

ልጁ ቤቱ ኢንተርኔት ስለሌለው ያላየ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ቅጣቱም ግፍ ይሆናል። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ሳን ሆዜ ላይ ዘግይቶ ነው የታወቀው። የመጀመሪያው ቀን ላይ በአንዲት ቁራጭ ወረቀት መጠየቅ ይበቃል። በምን ታያለህ? የት ሆነህ? በስንት ሰዓት? መልሱ ግማሹ ክፍል ስልክ ብቻ እንዳለው ካሳየ ቪዲዮው አጥሮ፣ መጠኑ ቀንሶ፣ ሊወርድ በሚችል መልክ መዘጋጀት አለበት። አለዚያም ቪዲዮው ቀርቶ ሁለት ገጽ ንባብ ይሰጣል። አሠራሩ ግድ ቪዲዮ አይፈልግም። የሚፈልገው ተማሪው ነገሩን አንድ ጊዜ አግኝቶት እንዲመጣ ነው።

እኔ ከመምህሩ ጥረት ግማሹ ቢሆን ከክፍል በፊት ወደሚመጣው ጥያቄ ቢሄድ እመርጣለሁ። «ያልገባህን ጻፍ» ሲባል አብዛኛው ተማሪ «ሁሉም ገብቶኛል» ወይም «ምንም አልገባኝም» ብሎ ይጽፋል። ሁለቱም አይጠቅሙም። ጥያቄው ጠበብ ሲል ግን መልስ ይመጣል። «ሦስተኛው ሽቦ ላይ ቀስቱን ወዴት አደረግከው? ለምን?» ብለህ ጠይቅ። 85 ተማሪ ካለህ ማንበቡ ጊዜ ይወስዳል። ከሌክቸር ዝግጅት የተረፈው ሰዓት ያለው ግን ለዚሁ ነው።